የአዴ ጌጤ ምድጃ

ጉደታ የደወለልኝ ጠዋት ጊንጪ ገበያ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ነበር። ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው የያዝኩትን ሽንኩርት አስቀመጥኩ። ጉደታ የአዴ ጌጤ የባሏ ወንድም ነው፤ ለወሬ የሚደውል ሰው አይደለም።

«የት ነሽ?» አለኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ገበያ ነኛ።»

«ሰው አብሮሽ አለ?»

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚከተለውን ያውቀዋል። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ጉደታም ወጉን ላለማፍረስ «አዴ ጌጤን ትንሽ አሟታል፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለኝ። ትንሽ አሟታል! አዴ ጌጤ እኮ ወባ እያንቀጠቀጣት «በረደኝ» እንጂ «አመመኝ» የማትል ሴት ነበረች። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ተነሳሁ። ሻጭዋ «ኧረ እህቴ፣ ዘንቢልሽን!» እያለች ስትጠራኝ ይሰማኛል፤ ዞር ማለት ግን አቃተኝ።

አዴ ጌጤ፣ ወይዘሮ ጌጤ እንደማለት ነው፣ አከራዬ ነበረች ብል እውነት ነው፣ ግን ምንም አልነገርኳችሁም ማለት ነው። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን አምቦ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር፣ ከግቢዋ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራየችኝ። ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ናት፤ መርፌ ትወጋለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ ጎረቤት የምታስቅ፣ ስትቆጣ ደግሞ ውሻው እንኳ ከግቢ የሚወጣላት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ «አንቱ» ብላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«አንቱ የምትይው ማንን ነው? እኔ ገና ሙሽራ ነኝ!»

አርባን የተጠጋች ሴት ናት ሙሽራ ነኝ የምትለኝ። ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ አንቺ አልኳት፤ ፀጉሯ ጥጥ መስሎ እንኳ አንቺ አልኳት።

በገባሁ ሳምንት ከሥራ ተመልሼ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ ከትልቁ ቤት የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ። «ጌጤ! ነ ዸጌሳ?» ይላል። ትሰሚኛለሽ ወይ ማለቱ ነው። እሷም ከማድቤት «ኤዬ፣ ሲን ዸገአ!» ብላ መለሰች። አዎ፣ እሰማሃለሁ። ደግሞ ጠራት፣ ደግሞ መለሰች። ሦስተኛም ጠራት፣ መለሰችለት። ከዚያ ሳቅ ሳቅ እያለው «ቶሌ፣ ቦሩ» አለ፤ እሺ፣ ነገ ማለት ነው፤ ዝምም አለ። ባሏ ከመስክ ተመልሷል ማለት ነው ብዬ ልብሴን አሰጣሁ። በማግስቱ «ባንተዋወቅም ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ» ብላት እጄን ይዛ ወደ ሳሎን ጎተተችኝ።

«ኮቱ፣ ነይ አስተዋውቅሽ» አለች።

ሳሎኑ ውስጥ ሰው የለም። በግራና በቀኝ ደረቴ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። በመሐላቸው አንድ ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የጥንት ባለ ሪል ቴፕና አንድ ትልቅ ማጉያ። በሁለቱ መሐል ደግሞ ክዳን የሌለው የብረት ሣጥን፤ ውስጡ ጣት ጣት የሚያህሉ የመስታወት ቫልቮች ተሰክተው ቆመዋል። ፕሪአምፕ ይባላል። ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ መጀመሪያ እዚህ ገብቶ ነፍስ ይዘራና ነው ወደ ትልቁ ማጉያ የሚያልፈው። ይሄን ስም እንኳ የተማርኩት ቆይቼ ነው፤ እሷ «ምድጃዬ» ነበር የምትለው።

ሶኬቱን ሰካች። ምንም የለም። እኔ «ተበላሽቷል እንዴ?» ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«ቆይ፣ ይሙቅ። ሳይሞቅ አይናገርም።»

ቫልቮቹ ውስጥ ክር የሚያህል ፍም ቀላ። ከዚያ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ። ስፒከሮቹ በጣም በቀስታ «እምምም» ማለት ጀመሩ፣ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ያኔ የቴፑን ማንሻ ወደ ታች አወረደችና ወደ ማድቤት ሄደች። ሰውየው አሳለ። ማይክ ነካ ነካ አደረገ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ሲንሲያጠጥ ከጎኔ ነው የሰማሁት፣ እምላለሁ! ዞር ብዬ ሁሉ አየሁ። ከዚያ ጠራት፤ እሷም እጇን በሽርጥ እየጠረገች ከማድቤት መለሰችለት።

ቶላ ይባላል። አስመራ ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ ይሄን ዕቃ ይዞ መጣ፤ አምቦም ፊዚክስ አስተማረ። በደርግ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዱት። መንግሥት ተለውጦ እስረኛ ሲለቀቅ አልመጣም። ሞተ የሚልም አልመጣም።

«ይመጣል» አለችኝ አዴ ጌጤ። «እስኪመጣ ግን ሰው ሲጠራ ዝም አይባልም። እኔ ነኝ የምመልስለት።»

በየቀኑ፣ ከክሊኒክ ስትመለስ፣ ነጠላዋን ሳትሰቅል በፊት ምድጃዋን ትሰካለች። እሳት አያይዛ ወጥ ጥዳ ስትጨርስ ሞቆ ይጠብቃታል። ከአጥሩ ወዲያ ሱቅ ያላት አስካለ «የቶላ ሰዓት ደረሰ» ብላ ነበር ልጆቿን ከጨዋታ የምትጠራው። ሰፈሩ ለምዶታል። እኔ ግን ቶሎ አልለመድኩትም፤ ሲጠራት ጀርባዬ ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል።

ከዚያ ዕቃ ጋር መኖር አራስ ካለበት ቤት እንደመኖር ነው። ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ረግጦ መሄድ ክልክል። በር መወርወር ክልክል። ጠረጴዛውን መንካት ጭራሽ አይታሰብም፤ አቧራውን እንኳ ራሷ ናት በመርፌ ጥጥ የምታብሰው። መለዋወጫ ቫልቮች ቶላ በአንድ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ትቶላት ነበር፤ አንዱ ሲቃጠል ሌላ እየሰካች ቆይታ፣ እኔ በገባሁ በዓመቱ ካርቶኑ ባዶ ቀረ። አዲስ አበባ ስሄድ ናሙና ይዤ መርካቶን አሰስኩ። አንዱ ጠጋኝ ቫልቩን ብርሃን ላይ ይዞ «እህቴ፣ ይሄን ለሙዚየም ስጪው» ብሎ ሳቀብኝ። ሰድቤው ወጣሁ። የነገርኳት ቀን፣ ቶላ ከጠራት በኋላ ምድጃዋን ቶሎ ብላ ነቀለችው። እነዚህ ካበቁ የሚጠራት የለማ!

መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ቴፑ እየዞረ መብራት ከሄደ ማንሻው እንደወረደ ይቀራል፤ በእጅ ካላነሱት አይነሳም። አንድ ቀን እንዲያ ሆኖ ሳለ ክሊኒክ ምጥ የያዛት ሴት መጥታ ጠሯትና ረስታው ሮጠች። እኔ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ጎመን እቀነጥባለሁ። መብራት መጣ። አምፖሉ በራ፣ «እሰይ» አልኩ፣ ጎመኔን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጭራሽ ከረሳሁት በኋላ፣ ከባዶው ቤት ውስጥ ድምፅ ተነሳ፤ መጀመሪያ ከጉድጓድ ሥር እንደሚመጣ፣ ከዚያ እየቀረበ፣ እየቀረበ። «ጌጤ! ነ ዸጌሳ?» የሚመልስ የለም። «ጌጤ!» ጎመኑን በትኜ አስካለ ሱቅ ስደርስ አንድ እግሬ ባዶ ነበር።

ማታ ስነግራት አዴ ጌጤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ማንም አልመለሰለትም?» አለችኝ።

«ማን ይመልስለት? እኔ ነፍሴን ላድን!»

«ሁለተኛ እንዳታደርጊው። እኔ ከሌለሁ አንቺ መልሽለት። ዝም አትበዪው። የት እንደሄድኩ ንገሪው፤ እውነቱን።»

«ለቴፕ?»

«ለቶላ።»

ምን ይደረግ፣ ቤት ኪራይ ነው! ከዚያ ወዲያ እንዲያ ሲያጋጥም በመስኮቱ ብቅ ብዬ «ገበያ ሄዳለች»፣ «ክሊኒክ ናት» እላለሁ። መጀመሪያ አፈርኩ። በኋላ ግን ካልመለስኩለት ቀኑን ሙሉ ይከነክነኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ብከፍት ጉደታ ከፊት፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከኋላ። አዴ ጌጤም ወጥታ አየቻቸው። ጎህ ሲቀድ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደመጣ ማንም አይጠፋውም።

«አስከሬኑን ያየ ከመሐላችሁ አለ?» አለቻቸው በሩ ላይ ቆማ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌጤ ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ…»

«ይግቡ፣ አባ።»

አስገባቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ምድጃዋን ሰካች። የአገር ሽማግሌ ሁሉ ከዘራውን ተደግፎ ቫልቭ እስኪሞቅ ጠበቀ። ቶላ ጠራት። መለሰችለት። ሦስት ጊዜ። «ቶሌ፣ ቦሩ» ብሎ ሲጨርስ ትልቁ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ በየቀኑ የሚጠራኝን ሰው እንዴት ብላችሁ ነው የምታስለቅሱኝ?» አለች።

ተነስተው ወጡ። ጉደታ ግን በሩ ላይ ቀረ። ዝምተኛ ነጋዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ተናገረ።

«እናቴስ?» አለ። «አልቅሳ መሞት ትፈልጋለች። ለሷ ማን ያስብላት?»

እናትየው እጃጂ ነው የሚኖሩት፣ ሁሉም አኮ ነው የሚላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ለቅሶ ከሟቹ ቤት ነው የሚነሳው። ሚስት ለቅሶ ሳትቀመጥ እናት ብታለቅስ በቁም ሰው ላይ ማሟረት ነው። አዴ ጌጤ አልቀመጥም እስካለች ድረስ አኮ እንባቸውን ይዘው መቆየታቸው ነው። እኔ ሁለቱንም አዘንኩላቸው፤ ግን ምን ልበል፣ ታይፒስት ነኝ።

ጉደታ መላ ዘየደ። አዲስ ቴፕ ይዞ መጣና የቶላን ድምፅ በካሴት ቀድቶ ወደ እጃጂ ወሰደው። በሳምንቱ ካሴቱን ይዞ ተመለሰ።

«ምን አሉ?» አለችው አዴ ጌጤ።

«'ይሄ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ነው፣ ልጄ አይደለም' አለች። አንድ ጠብታ አላነባችም።»

ካሴቱን እኛም ሰማነው። ቃሉ ያው ነው። ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ደርቋል፤ ወንበሩም የለ፣ ትንፋሹም የለ። አዴ ጌጤ «እውነታቸውን ነው» አለች።

ከዚያ ብዙ ቀን ሳትስቅ ሰነበተች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቫልቮቹን በፋሻ ጨርቅ እየያዘች አንድ በአንድ ስትነቅል፣ በመርፌ ጥጥ ስትጠቀልል አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እጃጂ ልንሄድ።»

«አብደሻል? በዚያ መንገድ? አንዱ ቢሰበር ሌላ የለሽም እኮ! ከዚያ ቶላ ጭጭ ነው!»

«አውቃለሁ።» ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «እኔ ስንት ዓመት ሰማሁት። እሳቸው የወለዱት አንድ ቀን አልሰሙም።»

ስፒከሮቹ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታሰሩ። ጉደታ ቴፑንና ትልቁን ማጉያ እግሩ ሥር ያዘ፣ አዴ ጌጤ ምድጃዋን ታቀፈች፣ ቫልቮቹ በመድኃኒቱ ካርቶን ሆነው እኔ ጭን ላይ። ረዳቱ አየን፣ አየንና «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ሠርግ አለ እንዴ?» አለ።

«ሠርግ ይሁን ለቅሶ ስንደርስ እናውቃለን» አለችው።

ከአምቦ ወዲያ መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ጉደርን አልፈን ጌዶ ጉም ውስጥ እስክንገባ መኪናው በነጠረ ቁጥር ካርቶኑን ወደ ላይ አነሳ ነበር፤ እጄ ዛለ። አንድ ቦታ ሹፌሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሳላስበው «ወይኔ ቶላ!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዴ ጌጤ ብቻ ሳትስቅ «አይዞሽ፣ ጎበዝ፣ አጥብቀሽ ያዥው» አለችኝ።

እጃጂ በዚያ ሰሞን ጄነሬተር ያለው ቪዲዮ ቤቱ ብቻ ነበር። ባለቤቱ የጉደታ ወዳጅ ስለሆነ «ፊልሙ ሳይጀመር በፊት ተጠቀሙ» አለ። ጭቃ ግድግዳ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፤ የካራቴ ፊልም የሚጠብቅ ሰው ሞልቶታል። ጉደታ እናቱን አዝሎ አመጣ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የአዴ ጌጤን ፊት በመዳፋቸው ዳብሰው «ከሳሽ» አሉና የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አዴ ጌጤ ቫልቮቹን ሰካች። አንድም አልተሰበረም! እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጄነሬተሩ ከጓሮ ይጮኻል። ምድጃው እስኪሞቅ ከኋላ ያሉት «ፊልሙስ?» እያሉ አጉረመረሙ፤ ባለቤቱ ገሠጻቸው። ከዚያ ሳሉ ተሰማ፣ ወንበሩ ሲንሲያጠጥ ተሰማ። አኮ ገና ሳሉን ሲሰሙ ደረታቸውን ያዙ።

«ጌጤ! ነ ዸጌሳ?»

አዴ ጌጤ አፏን ስትከፍት አኮ ቀደሟት። «ኤዬ፣ ኢልመ ኮ፣ ሲን ዸገአ!» አዎ ልጄ፣ እሰማሃለሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አዴ ጌጤ ሳትመልስ ቀረች።

ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። «ቶሌ፣ ቦሩ።» አኮ ወደ አዴ ጌጤ ዞሩ።

«እንዲህ ሲጠራሽ አንቺ የት ነበርሽ? ለምን አልመለስሽለትም?»

እኔ ስንት ዓመት ሰምቼው ይሄን አስቤ አላውቅም። እሷ በየቀኑ ስለምትመልስ፣ ቴፑ ውስጥ መልስ እንደሌለ ልብ ብዬ አላውቅም።

«ማድቤት ነበርኩ» አለች አዴ ጌጤ። ድምፅዋ በደንብ አይሰማም ነበር። «ሰምቼዋለሁ። አኩርፌ ነው። በዋዜማው እርጎ ቶሎ ይርጋልኝ ብዬ ገንቦዬን ይሄ ዕቃ ላይ ባስቀምጥ፣ ይሞቃላ፣ 'ይሄ ምድጃ ነው ወይ?' ብሎ ጮኸብኝ። በማግስቱ ሊታረቀኝ ማይኩን ዘርግቶ ጠራኝ፣ ጠራኝ። ዝም አልኩት። 'እሺ፣ ነገ' አለ። ነገውን ከትምህርት ቤት ወሰዱት።»

አኮ እጇን ፈልገው ያዙ።

«እኔ አባቱን ክረምት ሙሉ አኩርፌው አውቃለሁ፤ ምንም አልሆነ። ኩርፊያ ሰው አይገድልም፣ ልጄ። ሰው ነው ሰው የሚገድለው» አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሱና «ያ ኢልመ ኮ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። አዴ ጌጤ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቅሶው ተነሳ። በኛ አገር ለቅሶ ሰምቶ የሚያልፍ የለም፤ ለካራቴ የመጣው ጎረምሳ ሁሉ፣ ቶላን ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቀው፣ ኮፍያውን አውልቆ አብሮ አለቀሰ። ከመንገድ የሰሙ ሴቶች እየሮጡ ገቡ። በዚያ መሐል ጄነሬተሩ አንዴ አጓርቶ አምፖሉ ቦግ አለ፤ አንዱ ቫልቭ ነጭ ብርሃን ረጭቶ ጠፋ። እኔ «ወይኔ!» ብዬ ሮጥኩ። አዴ ጌጤ አየችው። ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

አኮ በዚያው ክረምት አረፉ። አልቅሰው ነው የሞቱት።

አምቦ ተመልሰን ስንሰካው የቀኝ ስፒከር ጭራሽ አይናገርም። የግራው ግን ይናገር ነበር። «ግማሽ ቶላ ቀረኝ» ብላ ሳቀች። በበነጋው ነጠላዋን ሳትሰቅል ምድጃዋን ስትሰካ አየኋትና አላስቻለኝም።

«አዴ ጌጤ፣ አልቅሰሽለት የለ? አሁንም ልትመልሺለት ነው?»

«ለቅሶው የእናቱ ነው። የተጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ ማንም አይመልስልኝም።»

ሙሽራ ነኝ ማለቱን ተወች። አንቱ ግን እንደ ድሮው አታስብልም።

የተረፉት ቫልቮች እያረጁ ሲሄዱ አዲስ አመል አመጡ። ወለሉ ላይ ሰው ሲራመድ ቫልቩ ይነዝርና ስፒከሩ «ጭንንን» ይላል። ቴፑ ባይዞርም ይላል። እሷ ይሄን ወደደችው። ጡረታ ከወጣች በኋላ ከሰዓቷ ውጭም ትሰካውና ወንበሯ ላይ ሆና ታዳምጣለች፤ እኔ በሩን ሳልገፋ «ነይ፣ ግቢ» ትለኛለች። አግብቼ ጊንጪ ከገባሁ በኋላ ልጠይቃት ስመጣ አንድ ቀን ሁለታችንም ተቀምጠን፣ እግራችንን ሰብስበን ሳለ «ጭንንን» አለ። በሩን አየሁ። ማንም የለም።

«ድመት ናት» አለች፣ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል።

ድመት አልነበራትም።

እንግዲህ ያን ጠዋት ከገበያ በቀጥታ ተነስቼ አምቦ ስደርስ ባጃጁ ወደ ሰፈሯ ሳይታጠፍ የእድሩ ድንኳን ታየኝ። ከፊት ለፊቱ ጉደታ ቆሟል። «ትንሽ አሟታል አላልክም?» ብዬ ደረቱን መታሁት። ቆሞ ተመታልኝ።

ያገኘቻት አስካለ ናት። በቶላ ሰዓት ድምፁ ተጀምሮ፣ አንዴ ጠርቷት፣ መብራት እልም አለ። አዴ ጌጤ መልሳ እንደሆነ አስካለ አልሰማችም። ምሽት ላይ ጭስ ስላላየች ብትገባ፣ ወንበሯ ላይ፣ ሹራቧ ጭኗ ላይ። መብራቱም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ቀብረናት ተመለስን። እጃችንን ታጥበን ንፍሮ ቀመስን። ሳሎኑ ጠባብ ቢሆንም ከውጭ ይልቅ እዚያ መቀመጥ ፈለግኩ። ሰው ሞልቷል፤ ጠረጴዛው አጠገብ ግን አንድም ሰው አልተጠጋም፣ ሻይ ብርጭቆ እንኳ አላስቀመጡበትም። ሞታም ትቆጣለች ብለው ነው መሰል።

መብራት መጣ። ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል በራ። አንዱ «ተመስገን፣ መጣ» አለ፤ ወሬው ቀጠለ። አስካለ ስለ አፈሩ ጥንካሬ እያወራች ነበር። ትንሽ ቆይቶ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ።

ዞር ስል ሣጥኑ ውስጥ ቀልቷል። የቴፑ ማንሻ እንደወረደ ነው፤ ሪሎቹ ይዞራሉ። አንዱ ሰውዬ ከውጭ ሲገባ «ጭንንን» አለ። አስካለ ወሬዋን አቋረጠች። ድምፁ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ ቀረበ።

«ጌጤ! ነ ዸጌሳ?»

ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ ወደ ማድቤቱ በር ዞሮ ጠበቀ። ስንት ዓመት በአጥር ማዶ የሰማው ጎረቤት ነው፤ መልሱን ለምዶታል። ማድቤቱ ውስጥ ሳህን የምታጥበው ልጅ እንኳ እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆመች። መልስ የለም። ሞታለች ብለው ሲነግሩኝ ያልገባኝ፣ አፈር ሲመለስባት ያልገባኝ፣ ያኔ ገባኝ።

«ጌጤ! ነ ዸጌሳ?»

እንደገና ጠራ። ይሄ የመጨረሻው ነው፤ አንደኛውን መብራት ሳይሄድ ጠርቷል። ዝም አትበዪው ብላኛለች። እውነቱን ንገሪው ብላኛለች። ተነሳሁ። እግሬ ሲንቀሳቀስ ስፒከሩ ነዘረ።

«ቶላ» አልኩ። «ጌጤን ዱቴ።» ጌጤ ሞታለች።

ሰው መሐል ለማሽን መርዶ መንገር! ግን አንድም የሳቀብኝ የለም። ቶላ እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ቆየ። ወንበሩ ሲንሲያጠጥ ተሰማ።

«ቶሌ፣ ቦሩ» አለ።

አስካለ ናት መጀመሪያ የጮኸችው። ከዚያ ሁላችንም። ጉደታ በሰው መሐል አልፎ ጠረጴዛው ጋ ሄደ፣ ማንሻውን አነሳ፣ ሪሎቹ ቆሙ። ሶኬቱን ግን እሱም አልነቀለው፣ እኔም አልነቀልኩት። መብራት ተመልሶ እስኪሄድ ድረስ እንደሞቀ ቆየ።